የቆዩ የሲአይሲኤስ ፕሮግራሞች ሲዘምኑ የተርሚናል ግብዓትን በትክክል የማንበብ መመሪያ

በአይቢኤም ሜይንፍሬም ላይ፣ ትራንዛክሽኖችን በሚያስተናግደው ሲአይሲኤስ በተባለ ሶፍትዌር ሥር ለብዙ ዓመታት ያገለገለ የኮቦል ፕሮግራም ወደ ድረ ገጽ ወይም ወደ ሰርቪስ እንዲዛወር ሲወሰን፣ የቡድኑ ጊዜና ሐሳብ የሚውለው በዳታቤዙና በስሌቱ ላይ ነው፤ ግብዓት የሚነበብበት ክፍል ግን “ተጠቃሚው የጻፈውን መቀበል” ተብሎ በዕቅዱ ውስጥ በአንድ መስመር ይታለፋል። አዲሱ ሥርዓት ሥራ ሲጀምር የሚመጣው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከዚያች መስመር ነው። የ3270 ተርሚናል፣ ማለትም ተጠቃሚው ከሜይንፍሬሙ ጋር የሚገናኝበት ስክሪንና የቁልፍ ሰሌዳ፣ ለፕሮግራሙ የሚያስረክበው ጽሑፍን ብቻ አይደለም፤ የትኛው ቁልፍ እንደተጫነ፣ ከርሰሩ የት እንደነበረ፣ የትኛው ፊልድ እንደተነካና የትኛው እንደተደመሰሰ ጭምር ያስረክባል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ይህን ሁሉ ሳያጎድሉ ወደ አዲሱ ሥርዓት ለማሻገር የሚረዱ ናቸው፤ የተጻፉትም ኮቦልን ለሚያነብ፣ ሲአይሲኤስን ግን ገና እየተዋወቀ ላለ ባለሙያ ነው።

የግብዓቱ አቀራረብ እንዲህ የሆነበትን ምክንያት አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ሲአይሲኤስ ለገበያ የቀረበው በ1969፣ የ3270 ተርሚናል ቤተሰብ ደግሞ በ1971 ነበር። የተለመደው ስክሪን 24 መስመርና 80 ዓምድ፣ ማለትም 1920 ቦታ አለው። በዚያ ዘመን የመገናኛ መስመሩ ቀርፋፋ ስለነበር፣ ይህን ሁሉ በእያንዳንዱ ጭነት ወደ ማዕከሉ መላክ አይታሰብም ነበር። ስለዚህ ተርሚናሉ ለእያንዳንዱ ፊልድ “ተለውጧል” የሚል አንድ ቢት ምልክት እንዲይዝና ሲጠየቅ ምልክቱ የበራባቸውን ፊልዶች ብቻ እንዲልክ ተደረገ። ምልክቱ ኤምዲቲ ይባላል። ከዚህ በኋላ የምናየው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል የዚህ ውሳኔ ውጤት ነው።

ደረጃ 1፦ ግብዓት የሚገባባቸውን በሮች መዝግቡ

በፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ ውስጥ በማፕ (በስክሪኑ የፊልዶች አቀማመጥ መግለጫ) መሠረት ግብዓትን የሚያነበውን “ሪሲቭ ማፕ” የተባለ ትእዛዝ ብቻ መፈለግ አይበቃም። ማፕ የሌለው ተራ “ሪሲቭ”፣ መላክና መቀበልን በአንድ የሚያደርገው “ኮንቨርስ”፣ የተጫነውን ቁልፍ የሚይዘው “ኢአይቢኤአይዲ”፣ የከርሰሩን ቦታ የሚይዘው “ኢአይቢሲፒኦኤስኤን”፣ እንዲሁም ቁልፍ ሲጫን ወይም ስሕተት ሲከሰት ወዴት እንደሚዘለል የሚመዘግቡት “ሃንድል ኤአይዲ” እና “ሃንድል ኮንዲሽን” የተባሉት የቆዩ ትእዛዞች ሁሉ ይመዝገቡ። ተራው “ሪሲቭ” በብዛት የሚገኘው ተጠቃሚው ባዶ ስክሪን ላይ የትራንዛክሽኑን ስምና አንድ ቁጥር አስከትሎ እንዲጽፍ በሚፈቅዱ ፕሮግራሞች ውስጥ ነው፤ በዚህ ጊዜ ከሚነበበው ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ የትራንዛክሽኑ ስም ራሱ እንደሚገኝ አትርሱ።

ከዚያ የእያንዳንዱን ስክሪን የቢኤምኤስ (ማፖች የሚዘጋጁበት የሲአይሲኤስ ክፍል) ማፕ ምንጭ አውጡ። ከማፑ የሚመነጨው የኮቦል ኮፒ ብቻ ቢኖራችሁ በቂ አይደለም፤ የፊልዱ ባሕርያት፣ ማለትም የተጠበቀ፣ የማይታይ፣ ቁጥር ብቻ ወይም “ኤፍሴት” (ኤምዲቲው አስቀድሞ የበራ) መሆኑ የሚታወቀው ከምንጩ ነውና። ምንጩ የጠፋበት መሥሪያ ቤት ብርቅ አይደለም። በዚህ ጊዜ በሚቀጥለው ደረጃ የሚገኙት ባይቶች ምንጩን መልሶ ለመሥራት ዋና መረጃ ይሆናሉ።

ደረጃ 2፦ ባይቶቹን በዓይን እዩ

ምንም ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ተርሚናሉ የሚልከውን እውነተኛ ባይት ተመልከቱ። ኤክስ3270 የተባለው ነጻ ኢሙሌተር የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ በፋይል የሚመዘግብ አማራጭ አለው፤ በሲአይሲኤስ በኩል ደግሞ ሲኢዲኤፍ የተባለው ትራንዛክሽን ፕሮግራሙን በየትእዛዙ እያስቆመ ያሳያል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ በስክሪን ላይ የማይታይ የይለፍ ቃል ፊልድ በመዝገቡ ውስጥ በግልጽ ይቀመጣል። ስለዚህ መዝገቡን የሙከራ ተጠቃሚ ስም ብቻ ተጠቅማችሁ አዘጋጁ፤ እንደ ምስጢራዊ ሰነድም ያዙት።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በማፑ ላይ በ10ኛው መስመር 20ኛ ዓምድ የብድር ጣሪያ የሚጻፍበት ባለ 8 ቦታ ፊልድ አለ እንበል። በዚያ ዓምድ ላይ የሚቀመጠው የፊልዱ የባሕርይ ባይት ስለሆነ ጽሑፉ የሚጀምረው በ21ኛው ዓምድ ነው። ተጠቃሚው 2500 ብሎ ጽፎ ኢንተርን ሲጫን ተርሚናሉ የሚልከው አሥር ባይት ብቻ ነው፤ በሄክሳ ሲጻፉ፦ 7ዲ፣ 4ቢ፣ ኢ8፣ 11፣ 4ቢ፣ ኢ4፣ ኤፍ2፣ ኤፍ5፣ ኤፍ0፣ ኤፍ0። የመጀመሪያው 7ዲ የኢንተር ቁልፍ መለያ ሲሆን ኤአይዲ ይባላል። ቀጥለው ያሉት ሁለት ባይቶች ከርሰሩ የቆመበትን አድራሻ፣ 11 ደግሞ “አዲስ አድራሻ ይከተላል” የሚለውን ምልክት ይገልጻሉ። 4ቢ ኢ4 የፊልዱ መነሻ ነው፤ ከዜሮ ሲቆጠር 740ኛው ቦታ ማለት ነው፤ ዘጠኝ ሙሉ መስመሮች 720 ይሆናሉና ከእነርሱ በኋላ 20 ቦታ ተጨምሮ። አድራሻው በሁለት ባይት የሚጻፈው እያንዳንዱ ባይት 6 ቢት ብቻ እንዲይዝ ሆኖ ነው፤ 740 ሲከፈል 11 ጊዜ 64 እና 36 ይሆናል፣ 11 በ4ቢ፣ 36 ደግሞ በኢ4 ይወከላል። ይህን አንድ ጊዜ በእጅ አስልቶ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ የሚገጥመውን መዝገብ ሁሉ ያለ ጭንቀት ያነባል።

ሌሎቹ ፊልዶች የት ሄዱ? አልተላኩም። የደንበኛው ስም፣ ስልኩና አድራሻው ስክሪኑ ላይ ተጽፈው እየታዩ ሳለ፣ ተጠቃሚው ስላልነካቸው ከአሥሩ ባይት ውስጥ የሉም።

ደረጃ 3፦ ከጽሑፉ በፊት ቁልፉን ጠይቁ

ክሊር፣ ፒኤ1፣ ፒኤ2 እና ፒኤ3 የተባሉት ቁልፎች ሲጫኑ ተርሚናሉ የቁልፉን መለያ ብቻ ይልካል፤ ጽሑፍ አይከተልም። በዚህ ሁኔታ “ሪሲቭ ማፕ” ከታዘዘ ሲአይሲኤስ ማፕፌይል የተባለውን ስሕተት ይሰጣል፤ ፕሮግራሙ ስሕተቱን ካልተቀበለው ደግሞ ትራንዛክሽኑ ኤኢአይ9 በሚል ኮድ ይቋረጣል። ተጠቃሚው ምንም ፊልድ ሳይነካ ኢንተር ቢጫንም ውጤቱ ያው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ ኢአይቢኤአይዲን መመርመር፣ ቁልፉ ጽሑፍ የሚያመጣ ከሆነ ብቻ ማንበብ፣ ከንባቡ በኋላም የመልስ ኮዱን ማየት ነው። የማፕፌይል የመልስ ኮድ 36 ነው።

በብዙ ማፖች ውስጥ ስም የለሽ ወይም “ደሚ” የሚል ስም ያለው፣ የማይታይ፣ ኤፍሴት የተደረገበት ባለ 1 ቦታ ፊልድ ታገኛላችሁ። ቆሻሻ መስሏችሁ አትሰርዙት፤ የቀድሞ ባለሙያዎች ሁልጊዜ ቢያንስ አንድ ፊልድ እንዲመጣና ማፕፌይል እንዳይከሰት ያስቀመጡት ነው።

አሁን ወደ አንድ ስውር ወጥመድ እንምጣ። የቆዩት ፕሮግራሞች “ሃንድል ኤአይዲ” በሚለው ትእዛዝ አስቀድመው “ፒኤፍ3 የተባለው የተግባር ቁልፍ ከተጫነ ወደዚህ አንቀጽ ሂድ” ብለው ይመዘግባሉ፤ ዝላዩ የሚፈጸመው “ሪሲቭ” ሲጠናቀቅ ነው። ዘመናዊ አጻጻፍ የሚወድ ባለሙያ በ“ሪሲቭ ማፕ” ላይ የመልስ ኮዱን ለፕሮግራሙ የሚሰጠውን “ሪስፕ” የሚለውን አማራጭ ሲጨምር፣ ያ አማራጭ የ“ሃንድል ኮንዲሽን”ን ብቻ ሳይሆን የ“ሃንድል ኤአይዲ”ንም ዝላይ ለዚያ ትእዛዝ ያግዳል። ፕሮግራሙ ያለ ስሕተት ይተረጎማል፣ ይሠራል፤ ፒኤፍ3 ግን መውጫ መሆኑ ይቀርና እንደ ኢንተር መቁጠር ይጀምራል። ስለዚህ ሁለቱን ለውጦች አትነጣጥሉ፤ “ሪስፕ” በምትጨምሩበት ቀን የ“ሃንድል ኤአይዲ” መንገዶችን ሁሉ ወደ ግልጽ የኢአይቢኤአይዲ ምርመራ ለውጡ።

ደረጃ 4፦ ሦስቱን ሁኔታዎች ለዩ

የመመሪያው እምብርት ይህ ደረጃ ነው። ከ“ሪሲቭ ማፕ” በኋላ ለእያንዳንዱ ፊልድ የርዝመት ቦታ፣ የምልክት ባይትና የጽሑፍ ቦታ ይገኛሉ፤ በኮቦሉ ኮፒ ውስጥ በስማቸው መጨረሻ ላይ እንደ ቅደም ተከተላቸው ኤል፣ ኤፍ እና አይ የሚሉት ፊደላት ይጨመራሉ። ከእነዚህ ሦስቱ የሚነበቡት ሁኔታዎች እነዚህ ናቸው። ርዝመቱ ከዜሮ በላይ ከሆነ ጽሑፍ መጥቷል። ርዝመቱ ዜሮ ሆኖ የምልክት ባይቱ በሄክሳ 80 ከሆነ፣ ተጠቃሚው ኢሬዝ ኢኦኤፍ በሚባለው ቁልፍ ፊልዱን ደምስሶታል። ርዝመቱም ዜሮ፣ ምልክቱም ባዶ ከሆነ ፊልዱ አልተላከም። በሁለቱ የመጨረሻ ሁኔታዎች የጽሑፍ ቦታው በኑል (በሄክሳ 00 በሆነ ባይት) የተሞላ ስለሚሆን ጽሑፉን ብቻ ያየ ሰው ሊለያቸው አይችልም። አንደኛው “ይህን አጥፋ” የሚል ትእዛዝ ሲሆን ሌላው “ይህን አትንካ” የሚል ነው።

ራሴ በተሳተፍኩበት አንድ የማዘመን ሥራ ላይ ይህ ልዩነት ተዘንግቶ ነበር። አዲሱ ሰርቪስ ባዶ የመጣን ሁሉ “አልተለወጠም” ብሎ ይቆጥር ስለነበር፣ የደንበኛ አሮጌ ስልክ ቁጥር መሰረዝ የማይቻል ሆነ፤ ሠራተኞች ይሰርዛሉ፣ ስክሪኑ “ተመዝግቧል” ይላል፣ በማግስቱ ቁጥሩ እንደነበረ ይገኛል። ስሕተቱን ለማረም አንድ ቀን አልፈጀብንም፤ ነገር ግን በመካከሉ ባሉት ሳምንታት ከተሰረዙት ቁጥሮች የትኞቹ በእርግጥ መጥፋት እንደነበረባቸው የሚነግረን መዝገብ አልነበረም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። “ተልኳል” ማለት “አሁን ተለውጧል” ማለት አይደለም። ፊልዱ ኤፍሴት ከተደረገ፣ ሰው ባይነካውም የለውጥ ምልክቱ በርቶ ይመጣል። ፕሮግራሙ ስክሪኑን መልሶ ሲልክ የለውጥ ምልክቶችን የሚያጠፋውን ኤፍአርሴት የሚለውን አማራጭ ካልተጠቀመ ደግሞ ባለፈው ዙር የተነኩት ፊልዶች ምልክታቸው እንደበራ ስለሚቆይ በዚህኛው ዙርም ይላካሉ። ብዙ ፕሮግራሞች ስሕተት ያለበትን ስክሪን ሲመልሱ ሆን ብለው ምልክቱን አያጠፉም፤ ተጠቃሚው አንዱን ፊልድ ቢያርም ሌሎቹም አብረው እንዲመጡ ይፈልጋሉና። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስክሪን ምልክቱ የት እንደሚበራና የት እንደሚጠፋ ጽፋችሁ ያዙ።

ወደ ድረ ገጽ ስትሻገሩ ነገሩ ይገለበጣል። የአሳሹ ፎርም የለውጥ ምልክት አያውቅም፤ የጽሑፍ ሳጥኖችን ሁሉ፣ ባዶዎቹንም ጨምሮ ይልካል፣ “ዲሴብልድ” የተደረጉትን ግን ጭራሽ አይልክም። ስለዚህ ሦስቱን ሁኔታዎች እናንተ ራሳችሁ መሥራት ይኖርባችኋል፦ መጀመሪያ ለተጠቃሚው የታየውን ዋጋ በሰርቨሩ በኩል አስቀምጡና ከተመለሰው ጋር አወዳድሩ። ዋጋው ያው ከሆነ “አልተላከም”፣ ዋጋ የነበረው ባዶ ሆኖ ከተመለሰ “ተደምስሷል”፣ ሌላ ከሆነ “መጥቷል” በሉ። በጄሰን የምትለዋወጡ ከሆነ የቀረ ስም፣ ኑል የሆነ ስምና ዋጋ ያለው ስም ሦስቱን በጥሩ ሁኔታ ይወክላሉ። ይሁን እንጂ ጄሰኑን በቀጥታ ወደ ተራ የጃቫ ክላስ መገልበጥ “የቀረ” እና “ኑል” የሚሉትን አንድ ላይ እንደሚደፈጥጣቸው አስታውሱ።

ደረጃ 5፦ በርዝመቱ አትታለሉ

የርዝመት ቦታው ተጠቃሚው የጻፋቸውን ፊደላት ብዛት ይናገራል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። ተርሚናሉ ሲልክ የሚዘላቸው ኑሎችን እንጂ ስፔሶችን አይደለም። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ፕሮግራሙ ፊልዱን በኑል ሞልቶ ልኮት ከሆነ ርዝመቱ 4 ይሆናል፤ በስፔስ ሞልቶት ከሆነ ግን የቀሩት አራት ስፔሶችም አብረው ስለሚመጡ 8 ይሆናል። ቁጥር ብቻ የሚቀበል ፊልድ በቢኤምኤስ ሲታወጅ፣ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር ጽሑፉ ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ግራው በዜሮ ይሞላል፤ በዚህም 2500 ወደ 00002500 ይቀየራል። በስፔስ የተሞላው ግን ስምንቱንም ቦታ ስለያዘ የሚጠጋበት ክፍተት የለም፤ ፕሮግራሙ የሚያገኘው ቁጥር ሳይሆን በቁጥርና በስፔስ የተደባለቀ ጽሑፍ ነው። የቆየው ፕሮግራም ይህን በአንድ ጥግ ላይ በተጻፈ የማጽጃ አንቀጽ ይይዘው ይሆናል። አንቀጹን ፈልጋችሁ አግኙት፣ ከንባቡም ጋር አብራችሁ አዛውሩት።

የኑል መዝለል ሌላም ውጤት አለው። ተጠቃሚው 25 ጽፎ፣ በቀስት ቁልፍ ሁለት ቦታ አልፎ 00 ቢጽፍ፣ በስክሪኑ ላይ በመካከል ክፍተት ቢታየውም ለፕሮግራሙ የሚደርሰው 2500 ነው። ይህን አዲሱ ሥርዓት እንዲመስል አልመክርም፤ ክፍተት ያለበትን ቁጥር መመለስና ተጠቃሚውን መጠየቅ ይሻላል። ውሳኔው ግን ታውቆና ተጽፎ የሚወሰድ ይሁን።

ደረጃ 6፦ የፊደል ለውጥን ቀድማችሁ ወስኑ

ሲአይሲኤስ በተርሚናሉ ወይም በፕሮፋይሉ ትርጉም መሠረት የሚገባውን ጽሑፍ ወደ ትልልቅ የላቲን ፊደላት ሊቀይር ይችላል። “አዝኢዝ” የሚለው የንባብ አማራጭ ይህን ያስቀራል፤ ይሁን እንጂ ትራንዛክሽኑን ባስጀመረው የመጀመሪያ ግብዓት ላይ አይሠራም፤ ያ ጽሑፍ ፕሮግራሙ ከመነሣቱ በፊት ተቀይሯልና። ድረ ገጹ ይህን ለውጥ ስለማያደርግ፣ በዳታቤዙ ውስጥ በትልቅ ፊደል የተቀመጡ ቁልፎች በትንሽ ፊደል ተፈልገው አይገኙም።

ከኢቢሲዲክ (ሜይንፍሬሙ ከሚጠቀምበት የፊደል ኮድ) ወደ ዩኒኮድ ስትቀይሩ የትኛው ኮድ ፔጅ እንደሚሠራበት አረጋግጡ፤ በ037 እና በ1047 መካከል የካሬ ቅንፎች ቦታ ይለያያል። የእኛን ፊደል በተመለከተም አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ በእነዚህ የኢቢሲዲክ ገጾች ውስጥ ቦታ የለውም። አዲሱ ገጽ ስምን በአማርኛ እንዲቀበል ከተፈለገ እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት፣ በዩቲኤፍ-16 ሁለት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ለ20 ፊደል የተመደበ የቆየ ፊልድ በዩቲኤፍ-8 የሚይዘው ስድስት የአማርኛ ፊደል ብቻ ነው፤ ሰባተኛው ከመካከሉ ይቆረጣል። የድረ ገጹ ሳጥን የሚቆጥረው ፊደል፣ ዳታቤዙ የሚቆጥረው ባይት ከሆነ ይህ ሳይታወቅ ያልፋል።

ደረጃ 7፦ ንባቡን ከሥራው ለዩ

እስካሁን ያወቃችሁትን ሁሉ በአንድ የንባብ ፕሮግራም ውስጥ ሰብስቡ። ሥራው ተርሚናሉን ማንበብና አንድ ገለልተኛ መዝገብ ማዘጋጀት ብቻ ይሁን፤ በመዝገቡ ውስጥም የስክሪኑ ስም፣ የተጫነው ቁልፍ፣ ከርሰሩ የነበረበት ፊልድ፣ ለእያንዳንዱ ፊልድም ሁኔታውና የጸዳው ዋጋ ይኑሩ። ስሌቱንና ዳታቤዙን የያዘው ፕሮግራም ይህን መዝገብ በኮማሪያ ወይም በቻናል (ሲአይሲኤስ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ዳታ በሚያሳልፍባቸው መንገዶች) ተቀብሎ ይሥራ። ኮማሪያ ከ32 ኪሎባይት በላይ ስለማይዝ ብዙ ዳታ ላለው ስክሪን ቻናል ይመረጣል። ይህ ከተደረገ በኋላ የቆየው ተርሚናልና አዲሱ ድረ ገጽ ለአንድ ዓይነት ሥራ አንድ ዓይነት መዝገብ ስለሚያቀርቡ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሠሩ ይችላሉ፤ ሽግግሩም በአንድ ሌሊት መሆኑ ይቀራል።

በተጠበቁና በማይታዩ ፊልዶች ውስጥ ፕሮግራሙ ለራሱ ያስቀመጣቸውን ቁልፎች፣ ለምሳሌ የሒሳብ ቁጥርን፣ በዚሁ አጋጣሚ ወደ ሰርቨሩ አውጧቸው። ኢሙሌተሩ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ስለሆነ፣ “የተጠበቀ” የተባለ ፊልድ ተለውጦ ሊመለስ ይችላል፤ በድረ ገጽ ላይ ደግሞ ይህ በጣም ቀላል ነው።

ደረጃ 8፦ የቁልፍ ሰሌዳውን መቆለፍ ተኩ

የ3270 ተርሚናል ኢንተር ወይም የፒኤፍ ቁልፍ ከተጫነ በኋላ ማዕከሉ መልሶ እስኪከፍተው ድረስ የቁልፍ ሰሌዳውን ይቆልፋል። የቆየው ፕሮግራም አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ይላካል ብሎ ያልተጨነቀው በዚህ ምክንያት ነው። በድረ ገጽ ላይ ግን ተጠቃሚው ቁልፉን ሁለት ጊዜ ሊጫን፣ ወይም መልስ ሲዘገይበት ገጹን ሊያድስ ይችላል። ለእያንዳንዱ የታየ ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር ስጡት፤ ሰርቨሩም በዚያ ቁጥር የመጣን ሁለተኛ ጥያቄ ሳይፈጽም የመጀመሪያውን መልስ ይመልስ። በአሳሹ ውስጥ ኤፍ5 ገጹን እንደሚያድስ፣ ኤፍ12 የገንቢ መሣሪያዎችን እንደሚከፍት አስታውሱ፤ የለመዱ ሠራተኞች ጣታቸው ወደ እነዚህ ቁልፎች ሳያስቡት ይሄዳል።

ደረጃ 9፦ የቆየውን ቅዱና አወዳድሩ

ኤስ3270 የተባለው መስኮት የሌለው ኢሙሌተር በስክሪፕት ስለሚታዘዝ፣ አንድን የሥራ ቅደም ተከተል በቆየው ፕሮግራም ላይ ደጋግሞ ለማስኬድ ያገለግላል። ለእያንዳንዱ ስክሪን ምንም ሳይነኩ ኢንተር መጫንን፣ ሥራ መካከል ክሊርን፣ ፊልድን በኢሬዝ ኢኦኤፍ መደምሰስንና ያንኑ በስፔስ መሙላትን፣ ፊልዱን እስከ መጨረሻው ቦታ መሙላትን፣ በትንሽ ፊደል መጻፍን፣ ስሕተት ካለበት ስክሪን አንድ ፊልድ ብቻ አርሞ መመለስን፣ ከፒኤፍ13 እስከ ፒኤፍ24 ያሉትንም ቁልፎች አካትቱ። ተመሳሳዩን በአዲሱ ሥርዓት አስኪዱና የምታወዳድሩት የሁለቱን ስክሪን ሳይሆን በዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጡትን መዝገቦች ይሁን። ልዩነት በተገኘ ቁጥር ከሥራው ባለቤቶች ጋር ተቀምጣችሁ የትኛው ትክክል እንደሆነ አስወስኑ፤ ውሳኔውንም ከሙከራው ስክሪፕት አጠገብ ጻፉት።